የብስክሌተኛው ጫማ

አንዲት አያት የልጅ ልጃቸው ከብስክሌት ልምምድ ሲመለስ ቤቱ እንደሚሸት ነግረውኝ «ጫማውን ልጣልበት?» አሉኝ። አይጣሉት፣ እማማ። ጫማው ውድ ነው፤ ደግሞም «ሸተትክ» እየተባለ ከሚወደው ስፖርት የሸሸ ልጅ አውቃለሁ።

ላብ ብቻውን ብዙም አይሸትም። የሚሸተው እርጥበት ያገኙ ባክቴሪያዎች ሲያብላሉት ነው። ስለዚህ ሽቶ መርጨት ትርፉ ሁለት ሽታ ነው፤ ዋናው ማድረቅ ነው። ልጁ ቤት እንደገባ የውስጥ ሶሉን ያውጣና ጫማው ውስጥ የተጨማደደ ጋዜጣ ይጠቅጥቅ (አንብበው ከጨረሱ ይኼኛውም ቢሆን አልቀየምም)፤ ወረቀቱ ሲርስ ይቀይረው። ከሰል ምድጃ አጠገብ ግን አያስቀምጠው፤ ሙጫው ይለቃል። ማታ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሶ ጠዋት ማራገፍም ይረዳል። በረኪና አልመክርም፤ ጨርቅ ይበላል፣ ከአቼቶ ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

እኔን ከጫማው ይልቅ የሚያሳስበኝ ስፖንጅ ያለው የብስክሌት ቁምጣ ነው። ያለ ውስጥ ሱሪ ስለሚለበስ፣ ሳይታጠብ ከተደገመ ብጉንጅ ሊያመጣ ይችላል። ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ ተገልብጦ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ይታጠብ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይሰጣ። ጓንቱና የሄልሜቱ ስፖንጅም እንዲሁ። አጣቢው ራሱ ልጁ ይሁን፤ ለአያት የሚተው ሥራ አይደለም።

ሽታው ከዚህም በኋላ ካልለቀቀ የእግር ጣቶቹን መሃል ይዩለት። ቆዳው ነጥቶ ከተላጠ ወይም ካሳከከው ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።