ዝናብ ብቻውን ጎተራ አይሞላም

ክረምቱ ጠንከር ብሎ በገባ ቁጥር በምሥራቅ ጎጃም ከአማኑኤል እስከ ደብረ ማርቆስ አንድ ቃል ይደጋገማል፤ «ሰማዩ ደግ ነው፣ ዘንድሮ ስጋት የለም»። የዚህ ዓምድ ደንበኞች ከዚህ አባባል ጋር ያለኝን የቆየ ጠብ ያውቁታል፤ ሰሞኑንም በየአፉ ሲዞር ዝም ማለት አልቻልኩም። ጥጋብንም ረሃብንም ለሰማይ የሰጠ ሰው ምድር ላይ የሚሠራውን ጥፋት አይጠይቅም። ይህን ክርክር በማስረጃ የረቱት ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ነበሩ። መስከረም 19 ቀን 2013 ዓ.ም. ካረፉ ወዲህ ስማቸው ሲነሳ የሚወራው ስለ እስራቸውና ስለ ፖለቲካቸው ነው፤ ዕድሜያቸውን የሰጡት ጂኦግራፊ ይዘለላል። እሳቸውን ያለ ሙያቸው መረዳት ግን አይቻልም።

በሕንድ ፑንጃብ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያም በአሜሪካ ክላርክ ዩኒቨርሲቲ ተምረው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የጂኦግራፊ ትምህርት ክፍልን መሩ። እ.ኤ.አ. በ1962 የመጀመሪያውን፣ በ1970 ደግሞ የሰፋውን የኢትዮጵያ አትላስ አወጡ፤ በ1972 የኢትዮጵያ ጂኦግራፊ መግቢያ የሚሆን መጽሐፍ ጻፉ። ተራራውንና ወንዙን በካርታ ካሰፈሩ በኋላ ግን እዚያ ላይ የሚኖረው ገበሬ ለምን እንደሚራብ ጠየቁ። ከ1958 እስከ 1977 (እ.ኤ.አ.) ያለውን የሃያ ዓመት የረሃብ ታሪክ በየአውራጃው አጠኑ። የደረሱበትም ድርቅ መጥቶ የሚጥለው ጎተራው አስቀድሞ የተራቆተውን ገበሬ መሆኑን ነው። ግብርም ዕዳም ከአውድማው ላይ የሚጠብቁት፣ እህሉን በርካሽ ሸጦ ክረምት ላይ በውድ የሚሸምት ሰው ለክፉ ቀን የሚያስቀምጠው የለውም።

«ይህ ለወሎና ለትግራይ ነው፤ ጎጃም ዝናብ አያጣም» የሚሉ አሉ። እንዲያውም የእኛ አገር ክርክሩን ያጠናክረዋል። በማቻክልና በጎዛምን ወረዳዎች ብዙ ማሳ አሲዳማ ሆኗል፤ ከምክንያቶቹም አንዱ ራሱ ዝናቡ ነው። ብዙ ዝናብ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን አጥቦ ሲወስድ አፈሩ ይኮመጥጣል፤ ያን ጊዜ ፎስፈረሱ ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር ይጣበቅና ገበሬው በውድ የገዛው ማዳበሪያ ለሰብሉ ሳይደርስ አፈሩ ውስጥ ይታሰራል። ቡቃያው ይቀጭጫል፣ ቅጠሉ ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ያደላል። መድኃኒቱ ኖራ እንደሆነ ይታወቃል። ነገር ግን አንድ ሄክታር ብዙ ኩንታል ይጠጣል፤ ማጓጓዣውም ለብቻው ከባድ ነው። አቅም ያጣው ገበሬ ጤፍ ይዘራበት የነበረውን ማሳ ለባሕር ዛፍ ይለቃል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሰማዩ ደግ እንደሆነ ነው። የጎደለው ኖራው በወቅቱና በሚቻል ዋጋ እንዲደርስ የሚያደርግ አሠራርና «የት ቀረ?» ብሎ የሚጠይቅ ገበሬ ነው።

ፕሮፌሰሩ ሳይንሱን ከፖለቲካ ቀላቀሉት የሚለው ወቀሳ እዚህ ላይ ይወድቃል። በፖለቲካ ምርጫቸው አለመስማማት ይቻላል። ጥናቱ የረሃብን ሥር ከገበሬው አቅመ ቢስነት ጋር ካገናኘው ግን አጥኚው በ1984 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤን ከመሠረቱት አንዱ መሆኑ ከሙያው መውጣት አይደለም። መብቱን መጠየቅ የማይችል ሰው እህሉንም ማስጠበቅ አይችልም።

የሚያሳዝነው ትምህርት ቤቶቻችን ከዚህ ሁሉ የወሰዱት የወንዝና የተራራ ስም ማስሸምደድን መሆኑ ነው። ፕሮፌሰር መስፍን በሰሜን መካከለኛ ኢትዮጵያ ገበሬዎችን ከቆላ እስከ ደጋ እየተከተሉ አጥንተዋል። ምሥራቅ ጎጃም ለእንዲህ ያለ ጥናት የተፈጠረ ነው፤ ከዓባይ በረሃ ተነስቶ ጮቄ ተራራ እስኪደርስ ቆላው፣ ወይና ደጋው፣ ደጋውና ውርጩ በአንድ ዞን ይገኛሉ። የአማኑኤል ተማሪ የጮቄን ከፍታ በቃሉ ከሚወጣ የአባቱ ማሳ ለምን እንደኮመጠጠ፣ ኖራው ከየት እንደሚመጣና ማን እንዳዘገየው ጠይቆ ቢጽፍ ጂኦግራፊ ተማረ ማለት ነው። መምህራኑ ይህን ለማድረግ የማንንም ፈቃድ መጠበቅ የለባቸውም፤ ማሳው ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ ነው፣ በዚህ መንፈቀ ዓመት ይጀምሩ።