ታይዋን ገብታችሁ ማንጠልጠያ ከመግዛታችሁ በፊት

ዛሬ የምጽፈው ከጣት ስለማትበልጥ አንዲት ብረት ነው። ረዘም ይላል፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ባለፈው ሳምንት ጄኔራል ሜካኒክስ ያስተማርኩት አንድ ልጅ ከጅቡቲ መጣ። የሚሠራው እዚያ ነው። ዕረፍት ሲያገኝ ስኩባ ይጠልቃል፤ ማለትም የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ፣ መተንፈሻውን ነክሶ ባሕር ውስጥ ይገባል። የድሬ ልጅ ባሕር ምን ያውቃል እንዳትሉ። የታጁራ ባሕረ ሰላጤ በጣም ሩቅ አይደለም፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ዌል ሻርክ የሚባለውን ግዙፍ ዓሣ ለማየት ሰው ከአውሮፓ ድረስ ይመጣበታል።

ቡና እየጠጣን ሳለ እየሳቀ፣ «ቲቸር፣ ባሕር ውስጥ ታሰርኩልህ እኮ!» አለኝ። (ድሬ ውስጥ አንቱታ የለም፣ ታውቃላችሁ።) ባትሪውን ጃኬቱ ላይ ያንጠለጠለው ለቁልፍ መያዣ በሚሸጠው ባለ ስፕሪንግ ማንጠልጠያ ነበር። የዚያ ማንጠልጠያ በር ሲገፉት ወደ ውስጥ ይከፈታል፣ ሲለቁት በራሱ ይዘጋል። ዓሣ አጥማጅ ጥሎት የሄደ የናይለን ክር በሩን ገፍቶ ገባ፣ በሩም ከኋላው ተዘጋ። ልጁ ምንም አልተሰማውም። ወደ ላይ ልውጣ ሲል ነው የተያዘው። ጓደኛው በቢላዋ ቆርጦ አስለቀቀው።

እኔ አልሳቅሁም። በ20 ሜትር ጥልቀት ግፊቱ ከላይ ካለው 3 እጥፍ ነው፤ ስለዚህ የሲሊንደሩ አየርም የሚያልቀው በ3 እጥፍ ፍጥነት ነው። ሰው ሲደነግጥ ደግሞ ትንፋሹ ይበዛል። ተበጥሶ ቢለቀው እንኳ እንደ ቡሽ ተፈትልኮ መውጣት አይችልም፤ ቀስ ብሎ ካልወጣ ሳንባውንና ደሙን ይጎዳዋል። ጠላቂዎች ይህን ዓይነቱን ማንጠልጠያ «ራስን ማጥፊያ ክሊፕ» የሚሉት በከንቱ አይደለም።

የገረመኝ ከዚያ በኋላ ያለኝ ነው፦ «አሁን ታይዋን ወርጄ 10 ልግዛ፤ ርካሽ ነው። ታናሽ ወንድሜም ሊጀምር ነው።» አብሬው ተነሣሁ።

ታይዋንን የማያውቅ የድሬ ልጅ የለም። ኤሌክትሮኒክሱ፣ ልብሱ፣ ጫማው፣ ቁልፉ፣ ሁሉም እዚያ አለ። ኦሪጅናሉም ፎርጂዱም ጎን ለጎን ተሰቅሎ ያብረቀርቃል። አንዱ ነጋዴ ጋ ቆመን ልጁ ማንጠልጠያዎቹን ሲመርጥ ነጋዴው፣ «ለምን ሥራ ነው?» አለው። «ለባሕር።» «ኧረ አቦ! ይሄ ለቁልፍ ነው!» አለና ሳቀ።

ያ ነጋዴ የጠየቀውን ጥያቄ እኛ ገዢዎቹ አንጠይቅም። የምንጠይቀው ዋጋ ነው። የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ማንጠልጠያ ሁለት ዓይነት አደጋ አለው። አንዱ መያዝ ሲገባው መልቀቁ ነው፤ ሌላው መልቀቅ ሲገባው መያዙ። ከመግዛታችሁ በፊት የእናንተ ሥራ የትኛውን እንደሚፈራ እወቁ።

ጠላቂ ይበልጥ የሚፈራው ሁለተኛውን ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገው እንደ በር መወርወሪያ በአውራ ጣት ወደ ኋላ የሚሳብ ፒን ያለው ነው፤ የውሻ ማሰሪያ ጫፍ ላይ የምታዩት ዓይነት። ክር ወይም መረብ ቢነካው በራሱ አይከፈትም፤ ሰው ሆን ብሎ ነው የሚከፍተው። መጠኑም በአንድ እጅ፣ ሳያዩ፣ ጓንት አድርገው የሚከፍቱት መሆን አለበት።

ብረቱ ደግሞ ስቴንለስ ይሁን፤ ለጨው ውኃ 316 የሚባለው ይመረጣል። ናስም ይሆናል። ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ፤ በኃይል ከሳበው በኒኬል የተለበጠ ተራ ብረት ሊሆን ይችላል። ካልሳበው ግን «ኦሪጅናል ነው» ብላችሁ አትደምድሙ፤ ዚንክና አሉሚኒየምም በማግኔት አይሳቡም። ስፕሪንጉንም እዩ። ከውጭ ስቴንለስ ሆኖ ውስጡ ተራ ሽቦ ከሆነ መጀመሪያ የሚዝገው እሱ ነው፤ ፒኑም ደርቆ ይቀራል። ከባሕር በወጣችሁ ቁጥር በንጹሕ ውኃ እጠቡት።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ብረትን ከብረት ጋር በቀለበት አታያይዙ። ማንጠልጠያውን ከባትሪው ወይም ከጌጁ ጋር በጠንካራ የናይለን ሲባጎ እሰሩት። ፒኑ አልከፈትም ካለ ሲባጎው በቢላዋ ይቆረጣል፤ ብረት ግን ባሕር ውስጥ በምን ይቆረጣል? ሲባጎው ነው መውጫ በራችሁ።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ፤ አብዛኞቻችሁ ባሕር አትገቡም። ከዓመታት በፊት እኔ ራሴ፣ ብረት አስተምራለሁ የምለው ሰውዬ፣ ለልጄ ግቢያችን ያለው ዛፍ ላይ ዥዋዥዌ የሰቀልኩት በዚሁ የቁልፍ ማንጠልጠያ ነበር። በሦስተኛው ቀን በሩ ተጣሞ ተከፈተ፣ ልጄም እጇን ተሰበረች። ድናለች፣ ተመስገን። ጥፋቱ የሻጩ አልነበረም፤ እሱ ለቁልፍ ነው የሸጠው።

ፎቅ ላይ ተንጠልጥሎ ቀለም የሚቀባው ልጅም የሚፈራው እንደ ዥዋዥዌው ያለውን ነው፦ መልቀቅን። ለእሱ በሩ በራሱ የሚቆለፍ፣ ሁለት እንቅስቃሴ ካልተደረገ የማይከፈት፣ አካሉ ላይ የመሸከም አቅሙ በኪሎ ኒውተን የታተመበት ማንጠልጠያ ያስፈልገዋል። አንድ ኪሎ ኒውተን የ100 ኪሎ ክብደት ያህል ነው። ለተራራ ወጪዎች የሚሠራው ደረጃውን የጠበቀ ማንጠልጠያ በቁመቱ ቢያንስ 20 ይሸከማል፤ 2 ቶን ማለት ነው። ይህን ያህል የሚሆነው ሰው ሲወድቅ ገመዱ ላይ የሚያርፈው ጉልበት ከክብደቱ ብዙ እጥፍ ስለሆነ ነው። ቁጥር ግን ፎርጂድ ላይም ይታተማል፤ ስለዚህ የነፍስ ማንጠልጠያ ከቁልፍ መያዣ ጋር ተደባልቆ ከተሰቀለበት አይገዛም።

«ዕቃው ውድ ነው» የምትሉ ኮንትራክተር ተማሪዎቼ፣ እናንተንም ነው የማወራው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአደጋ መከላከያ መሣሪያ ማቅረብን የአሠሪው ግዴታ አድርጎታል። ልጁ ከኪሱ አውጥቶ ታይዋን እንዲገዛ መላክ ግዴታን መወጣት አይደለም።

ተማሪዬ በመጨረሻ ባዶ እጁን አልተመለሰም። አንድ ማንጠልጠያ ገዛ፣ ለቤቱ ቁልፍ። የባሕሩን ጅቡቲ ካለ የጠላቂዎች ዕቃ መሸጫ ሊገዛ ቃል ገባልኝ፤ የወንድሙንም ጭምር። ሲገዛ ፎቶ ላክልኝ ብዬዋለሁ፤ እየጠበቅሁ ነው።

እናንተም እስቲ ተነሡና ቤታችሁ ውስጥ፣ ሥራ ቦታችሁ ላይ ሰው የተንጠለጠለበትን ማንጠልጠያ እዩት። ለምን ሥራ ነበር የተሸጠው? ያያችሁትን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ከፍታ ላይ የሚሠራ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ሼር አድርጉለት።