የኢቲ 302 አደጋ፦ መንስዔውን የሚመርጠው ማን ነው?

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ተነስቶ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ በተከሰከሰው ቦይንግ 737 ማክስ ላይ የነበሩት 157 ሰዎች በሙሉ ሞተዋል። የኢትዮጵያ መርማሪዎች የመጨረሻ ሪፖርታቸውን በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ሲያወጡ፣ የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪ መሥሪያ ቤቶች የተቃውሞ አስተያየት አቀረቡ። አንዱ የክርክር ነጥብ አንግል ጠቋሚው ሴንሰር በምን ተበላሸ የሚል ነበር፤ አሜሪካኖቹ ወፍ መትቶት ነው ሲሉ የእኛዎቹ የኤሌክትሪክ ችግር ነው አሉ። ይህ በማስረጃ የሚፈታ ጉዳይ ነው። እኔን የሳበኝ ሁለተኛው ነው።

ኤምካስ የተባለው ሶፍትዌር ከአንድ ሴንሰር በመጣ የተሳሳተ መረጃ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች እንደደፈቀ ሦስቱም ይስማማሉ። አሜሪካኖቹና ፈረንሳዮቹ ግን የአብራሪዎቹ አያያዝም በመንስዔነት መጠቀስ ነበረበት ባይ ናቸው። የሞተሩ ኃይል ከመነሻው አልተቀነሰም፣ ፍጥነቱ ከልክ አልፏል ይላሉ። ይህ ደግሞ እውነት ነው። ታዲያ አንድ ዓይነት መረጃ ይዘው በምን ተለያዩ?

የሕግ ትምህርት ቤት «ይህ ባይሆን ኖሮ ያ ይደርስ ነበር ወይ?» ብለን እንድንጠይቅ ያስተምራል። በዚህ መለኪያ ሴንሰሩም፣ ሶፍትዌሩም፣ ፍጥነቱም፣ ፈቃድ የሰጠው ተቆጣጣሪም መንስዔ ናቸው። ከእነዚህ መካከል መምረጥ ግድ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 24 ድርጊቱ በተለመደው የነገሮች አካሄድ ውጤቱን የሚያስከትል ሲሆን ግንኙነቱ እንዳለ ይገመታል ይላል። «የተለመደው» የሚለው ቃል ግን ከመሣሪያ ንባብ አይገኝም፤ ምን መሆን ነበረበት ከሚለው እምነታችን ጭምር እንጂ።

ጆሹዋ ኖብና ቤን ፍሬዘር እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተሙት ሙከራ ይህንኑ ያሳያል። በአንድ የዩኒቨርሲቲ ክፍል የቢሮ ሠራተኞች ከጸሐፊዋ ጠረጴዛ ስክሪብቶ መውሰድ ተፈቅዶላቸዋል፤ መምህራን ግን አልተፈቀደላቸውም። አንድ ሠራተኛና አንድ ፕሮፌሰር እኩል አንድ አንድ ወሰዱ፤ ጸሐፊዋ ስክሪብቶ ስትፈልግ አጣች። ለችግሩ መንስዔ ማን ነው ሲባሉ ሰዎቹ በብዛት የጠቆሙት ፕሮፌሰሩን ነው። ሁለቱ ያደረጉት ነገር አንድ ነበር፤ ልዩነቱ ደንቡ ነው።

ወደ አውሮፕላኑ ስንመለስ፣ አብራሪው መንስዔ የሚሆነው ማስጠንቀቂያዎች በአንድ ጊዜ በሚጮሁበት ኮክፒት ውስጥ ሁሉን ማስተካከል ነበረበት የሚለውን ደንብ ከተቀበልን ነው። ቦይንግ ግን ኤምካስን ከአብራሪዎች መመሪያ አስወጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 የላየን ኤር አውሮፕላን 189 ሰዎችን ይዞ ከወደቀ በኋላ የወጣውን መመሪያ ተከትለው የእኛዎቹ አብራሪዎች ማብሪያ ማጥፊያውን ቆርጠዋል፤ ከዚያ በኋላ በእጅ ማስተካከሉ አልሆን አላቸው። ቦይንግ እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ከአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ጋር ባደረገው የ2.5 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት፣ ሠራተኞቹ ተቆጣጣሪውን ማታለላቸውን አምኗል። በእኔ ሚዛን ያፈነገጠው ደንብ እዚህ ነው።

እኛም ግን ንጹሕ ዳኞች አይደለንም። የአብራሪው ስም እንዲነሳ የማንፈልገው ስለ ሶፍትዌር ስለምናውቅ ብቻ አይደለም፤ ልጃችን ስለሆነ፣ አየር መንገዱም ኩራታችን ስለሆነ ጭምር ነው። ሲያትል ያለው መሐንዲስም የራሱ ልጆች አሉት።

ማክስ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 እንደገና እንዲበር ሲፈቀድ ኤምካስ ሁለት ሴንሰር እንዲያነጻጽር ተደረገ፤ አብራሪዎችም በሲሙሌተር እንዲሠለጥኑ ታዘዘ። አብራሪው መንስዔ ነው አይደለም የሚለው ክርክር ሳይቋጭ ሁለቱም ተስተካከሉ።