ዳንቴል የለበሰችው ሰርቨር

«ኧረ ጉድ ሆኛለሁ!» አለኝ ወዳጄ፣ ከባሕር ዳር ደውሎ።

«ደግሞ ምን ሆንክ?»

«ሰርቨሬ ጠፋች።»

ሰርቨር የሚላት ልደታ ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ፣ እናቱ ቤት ብፌ ላይ የተቀመጠች አሮጌ ዴስክቶፕ ናት። ኡቡንቱ ሊኑክስ ጭኖባታል። እናቱ ደግሞ አቧራ እንዳይነካት ዳንቴል አልብሰዋታል፤ የሙቀት መውጫዋን ጭምር።

«ትናንት ከዚህ ሆኜ ስክሪኗን እንደ ልቤ አያት ነበር። ዛሬ ጭጭ!»

«ማታ መብራት ሄዶ ነበር?»

ትንሽ ዝም አለና፣ «ሄዶ መጥቷል ብላኛለች እማዬ» አለ።

«ስክሪኗን ከሩቅ የሚያሳይህን ቪኤንሲ እንዴት ነበር ያስነሳኸው?»

«ተርሚናል ከፈትኩ፣ ‹ቪኤንሲሰርቨር› ብዬ ጻፍኩ፣ ተነሳ። ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁ።»

ሳቄ መጣ። በእጅ ያስነሱት ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ ሲነሳ ግን አብሮ አይነሳም። ሊኑክስ ላይ ስታርትና ኢኔብል የሚባሉ ሁለት ትእዛዞች ያሉት ለዚህ ነው። ስታርት «አሁን ተነስ» ነው። ኢኔብል «እኔ በተነሳሁ ቁጥር ተነስ» ነው። ወዳጄ የመጀመሪያውን ብቻ ነው የሚያውቀው።

«እሺ፣ ማሽኗስ ራሷ ተነስታለች?»

«አልተነሳችም መሰለኝ።»

ይኼኛው የሊኑክስ ጥፋት አይደለም። መብራት ሲመለስ በራስህ ተነስ የሚለው ምርጫ ከሊኑክስ በፊት በሚነሳው ባዮስ ውስጥ ነው ያለው፤ ብዙ ጊዜ ዝግ ሆኖ ይመጣል።

«ታዲያ እማማ ቁልፏን ይጫኑልሃ!»

«ታች ናት። ዛሬ ግንቦት 1 አይደል? ከጎረቤት ጋር ንፍሮ ላይ ናቸው።»

በልደታ ሰፈር በልደታ ቀን ሰው ከንፍሮ ይነሳል? ቡናው በረካው እስኪደርስ ጠበቅን። ከአንድ ሰዓት በላይ።

እናቱ ወጥተው ተጫኑላት። ስክሪኑ አሁንም የለም።

«ኤስኤስኤች ሞክር» አልኩት፤ ከሩቅ ሆኖ በጽሑፍ ትእዛዝ የሚገባበትን።

ገባ! ኤስኤስኤች ኡቡንቱ ላይ ሲጫን ኢኔብል ሆኖ ነው የሚመጣው። በነገራችን ላይ ኤስኤስኤችን እ.ኤ.አ. በ1995 የሠራው ፊንላንዳዊው ታቱ ዩሎነን ነው፤ በዩኒቨርሲቲው ኔትወርክ ላይ የይለፍ ቃል እየተሰለለ ስላስቸገረ። ወዳጄ በኤስኤስኤቹ ጥቁር መስኮት ያቺኑ ‹ቪኤንሲሰርቨር› ደግሞ ጻፈና ስክሪኗ ተመለሰች።

«ተመስገን! ግን እንዴት ነው ከውጭ የምትደርስባት?»

«ራውተሩ ላይ የኤስኤስኤቹን በርና የቪኤንሲውን 5901 ከፍቼ።»

«ለማን?»

«ለ... ለሁሉም።»

አሁን እኔ ዝም አልኩ። የጥንቱ ቪኤንሲ ከይለፍ ቃሉ የሚያየው የመጀመሪያዎቹን 8 ፊደላት ብቻ ነው፤ ስክሪኑንም ሳይሸፍን ነው የሚልከው። እንዲህ ያሉ በሮችን ቀን ከሌት የሚያንኳኩ ፕሮግራሞች ደግሞ ኢንተርኔቱን ሞልተውታል። የቤቱን ቁልፍ በር ላይ ሰክቶ ባሕር ዳር እንደ መሄድ ነው።

«5901ን ዝጋው» አልኩት። «ቪኤንሲው ለማሽኗ ለራሷ ብቻ ይከፈት። አንተ በኤስኤስኤች ዋሻ ግባና እየው። ኤስኤስኤቹንም በይለፍ ቃል ሳይሆን በቁልፍ ፋይል አድርገው።»

«እኅቴም ቤት እንዲህ ያለ ማሽን ላስገባ አስቤ ነበር፤ እሷ ግን በሲም ካርድ ራውተር ነው የምትጠቀመው።»

እዚያ ደግሞ በር መክፈትም ላይሠራ ይችላል። በሞባይል ኢንተርኔት ብዙ ደንበኛ አንድ አድራሻ ይጋራል፤ ብሎኩ ይታወቃል፣ የቤት ቁጥሩ አይታወቅም። መፍትሔው ማሽኑ ራሱ ወደ ውጭ እንዲደውል ማድረግ ነው። ዋየርጋርድ የሚባለው የዋሻ ፕሮግራም ለዚህ ይሆናል፤ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በሊኑክስ ከርነል ውስጥ አለ። ግን ሁለቱም ወገን አድራሻ ከሌለው፣ መሀል ላይ አድራሻው የሚታወቅ ሌላ ማሽን ይፈልጋል።

«ይኼን ሁሉ ስመለስ» አለና ዘጋው።

እናንተ ግን እስክትመለሱ አትጠብቁ። ከቤት ሳትወጡ ማሽናችሁን ሪስታርት አድርጉ፣ ኪቦርዱን ሳትነኩ በስልካችሁ ዳታ ለመግባት ሞክሩ። ዳንቴሉንም አንሱላት።