የቤት ትምህርትን ዓመት በሰላም መዝጋት



ሰኔ ሲገባ በብዙ ቤቶች አንድ ዓይነት ትርምስ ይታያል። ልጁ በትምህርት ቤት የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና ይጠብቀዋል፤ በቁርአን ቤት የጀመረውን ጁዝእ እንዲጨርስ ይፈለጋል፤ ቤት ውስጥ ደግሞ ወላጆቹ ያስያዙት የንባብና የሒሳብ ደብተር ገና ግማሹ ባዶ ነው። በእኛ በሐራና በሀብሩ ገጠሮች ዝናቡ ጣል ሲያደርግ እርሻውና ከብቱም ልጁን ይሻሉ። በዛሬው ዓምዳችን ይህን ወቅት ያለ ጭንቀት ስለ ማሳለፍ ጥቂት ለማለት እንወዳለን።

በአገራችን የቤት ትምህርት የምንለው አብዛኛውን ጊዜ ከትምህርት ቤት ፈረቃ በተረፈው ሰዓት የሚሰጠውን ነው። ሆኖም ቤታችን ብቸኛው ትምህርት ቤት የሆነባቸው ጊዜያት ነበሩ። በመጋቢት 2012 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በመላ አገሪቱ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ መከፈት የጀመሩትም በጥቅምት 2013 ነው። በ2013 ክረምት ደግሞ ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ ዘለቀና አዲሱ ዓመት ገብቶ ወራት ቢያልፉም ልጆቻችን ወደ ክፍላቸው አልተመለሱም።

በ2012 የሠራነውን ስህተት ብንናገር ለሌላው ትምህርት ይሆናል። መምህራን ስለ ሆንን የቤቱን ትምህርት በፕሮግራም ያዝነው። ሰኔ ላይ ደብተሩን ስንቆጥር ግን ብዙ ቀርቶ አገኘነው። ያን ጊዜ ጥድፊያው ጀመረ። ከሱብሒ በኋላ ቁርአን፣ ረፋድ ላይ ሒሳብ፣ ከዐስር በኋላ አማርኛ፣ ማታ ደግሞ ጥያቄና መልስ። የአሥር ዓመቱ ልጃችን በሁለተኛው ሳምንት በቃሉ አሳምሮ የሚቀራቸውን አጫጭር ሱራዎች እንኳ ማምታታት ያዘ። ስንቆጣው አንገቱን ደፍቶ «እኔ እኮ ደደብ ነኝ» አለን። አያቱ ከጓዳ ሰምተው ኖሮ ወጡና «ልጄ፣ ማሽላው ሳይደርስ ማጭድ ይዛችሁ ትቆጡታላችሁ?» አሉን። መልስ አልነበረንም።

በዚያ ሌሊት ያሰብነው ይህን ነው። ቁርአን ራሱ ለነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የወረደላቸው በአንድ ቀን አይደለም፤ ጥቂት በጥቂት፣ በ23 ዓመታት ውስጥ ነው። እርሳቸውም ቢያንስም የሚዘወተር ሥራ አላህ ዘንድ ይበልጥ ተወዳጅ እንደ ሆነ አስተምረውናል። ታዲያ እኛ የአሥር ወሩን ጉድለት በአሥራ አምስት ቀን ለመሙላት ልጁን ስናስጨንቅ የምንከተለው የማንን መንገድ ነው?

ከዚያ ወዲህ በቤታችን የያዝነው ሥርዓት እንዲህ ነው።

አንደኛ፣ ዓመቱ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ሲቀረው አዲስ ትምህርት እናቆማለን። የቀረው ጊዜ ለሙራጀዓ ብቻ ነው። ልጁ ከጁዝእ ዐምማ 37 ሱራዎች 20ውን ይዞ ከሆነ 21ኛውን አናስጀምረውም፤ 20ዎቹ እንዲጸኑለት እናደርጋለን።

ሁለተኛ፣ ልጁ በመስከረም ያልቻለውንና ዛሬ የሚችለውን ከእርሱ ጋር ሆነን በአንድ ገጽ ላይ እንጽፋለን። ያልተሸፈነውን በሌላ ገጽ ጽፈን ለመስከረም እናሳድረዋለን። ተጽፎ ያደረ ነገር ልብ ላይ አይከብድም።

ሦስተኛ፣ ልጁን ከጎረቤት ልጅ ወይም ከታላቅ እህቱ ጋር አናወዳድርም። በዓመቱ ምን እንደ ከበደው እንጠይቀዋለን፤ ሲመልስም ሳናቋርጥ እንሰማለን።

አራተኛ፣ የ8ኛ ወይም የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ያለበት ቤት የቤቱን ትምህርት ከፈተናው ቀደም ብሎ ይዝጋ። ተፈታኙ በዚያ ሰሞን የሚያሻው በቂ እንቅልፍና የተረጋጋ ቤት ነው። ውኃ መቅዳቱንና ከብት መጠበቁን ሌላው ቤተሰብ ይካፈልለት።

አምስተኛ፣ መዝጊያው እንደ ፈተና ሳይሆን እንደ ደስታ ቀን ይሁን። እኛ ቤት ቡና ይፈላል፣ ቆሎ ይቆላል፣ ልጆቹ በተራ የወደዱትን ሱራ ይቀራሉ፣ የወደዱትንም የአማርኛ ምንባብ ያነባሉ። ቢሳሳቱ በዚያ ቀን እርማት የለም። አያት ዱዓ ያደርጉላቸዋል፣ እኛም አሚን እንላለን። በክረምቱም ከመግሪብ በኋላ ለሩብ ሰዓት ያህል ከመቅራት በቀር ሌላ ግዴታ አንጭንባቸውም።

ይህ ሥርዓት ያስገኘውን ጥቅም ያየነው በ2014 ነው። ከተፈናቀልንበት ስንመለስ በቤታችን ደብተርም መጽሐፍም አላገኘንም። ያ ልጅ ግን ባዶው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ በዝግታ የተማራቸውን ሱራዎች አንድም ሳያዛንፍ ቀራልን። በጥድፊያው ሳምንት ካስጠናነው ያስታወሰው ግን አልነበረም። ደብተር ይጠፋል፣ ይቃጠላል፤ በልብ የሰረጸ ግን በአላህ ፈቃድ አብሮ ይሰደዳል፣ አብሮም ይመለሳል።

ውድ ወላጆች! በዚህ ሰኔ የልጃችሁን ደብተር ከመቁጠራችሁ በፊት ፊቱን ተመልከቱት። መስከረም ሲጠባ መጽሐፉን በደስታ የሚገልጥ ከሆነ ዓመቱን በሚገባ ዘግታችኋል ማለት ነው። አላህ (ሱ.ወ.) ልጆቻችንን ጠቃሚ ዕውቀት ይወፍቃቸው።