የልጅ እጅና ትንሿ ሰንጢ

ከቤት ዕቃ ሁሉ ታናሽ ሆና ሳለች ብዙ ሥራ የምትሠራ፥ ነገር ግን ወላጆችን የምታሳስብ አንዲት መሣሪያ አለች፤ እርስዋም ታጥፋ በኪስ የምትያዝ ሰንጢ ናት። እርሳስ ትቀርጻለች፤ ገመድ ትቆርጣለች፤ ፍሬ ትልጣለች። በአገራችንም ጸሐፊዎች መቃውን ቀርጸው ብርዕ የሚያደርጉት፥ በብራናው ላይ የተሳሳተውንም ፊደል ፍቀው የሚያነሡት በትንሽ ስለት ስለ ሆነ፥ ስለት የጽሕፈት ጓደኛ መሆኑ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልንነግር የወደድነው ግን በጃፓን አገር ስለምትሠራው፥ ሂጎ ኖ ካሚ ስለምትባለው ሰንጢ ነው፤ የእርስዋ ታሪክ «ለልጅ ስለት መስጠት ይገባልን?» እየተባለ በየቤቱ ለሚነሣው ጥያቄ ብዙ ትምህርት ይሰጣልና። የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በሂዮጎ ጠቅላይ ግዛት ሚኪ የምትባል ከተማ አለች። አንጥረኞችዋ መጋዝ፥ መላጊያና መሮ በመሥራት ከጥንት ጀምሮ የታወቁ ናቸው። ይህች ሰንጢም በዚያው ከተማ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ተሠራች። የስምዋም ትርጓሜ «የሂጎ ገዥ» ማለት ሲሆን፥ ሂጎ በኪዩሹ ደሴት የሚገኘው የኩማሞቶ አገር የቀድሞ ስሙ ነው። አሠራርዋ እጅግ ቀላል ነው፤ አንድ የናስ ወይም የብረት ገበታ ለሁለት ታጥፎ እጀታ ይሆናል፤ ስለቱ በመካከል ገብቶ በአንድ ችንካር ይያዛል። ጠምዛዛ ሽቦ የላትም፤ መቈለፊያም የላትም። በስለቱ ሥር አንድ አጭር ጅራት ወጥቶ ይታያል፤ ሰንጢዋን የሚይዝ ሰው አውራ ጣቱን በዚያ ላይ ሲጫን ስለቱ ጸንቶ ይቆማል። ስለዚህ ይህች መሣሪያ የምትታመነው የያዛት ሰው ልብ ብሎ እስከ ያዛት ድረስ ብቻ ነው።

ዋጋዋ ርካሽ ስለ ነበረ የጃፓን ተማሪዎች በኪሳቸው ይዘዋት ይሄዱ ነበር፤ በትምህርት ቤት እርሳሳቸውን ይቀርጹባታል፤ ከትምህርት በኋላም ከቀርከሃ ልዩ ልዩ መጫወቻ ይሠሩባታል። ነገር ግን በኦክቶበር 12 ቀን 1960 ዓ.ም. የሶሻሊስት ፓርቲ ሊቀ መንበር የነበሩት ኢነጂሮ አሳኑማ በቶኪዮ በሂቢያ አዳራሽ ንግግር ሲያደርጉ፥ አንድ የ17 ዓመት ወጣት በአጭር ሰይፍ ወግቶ ገደላቸው። ሕዝቡም ስለ ደነገጠ ልጆች ስለት እንዳይዙ የሚያሳስብ እንቅስቃሴ በአገሩ ሁሉ ተስፋፋ። ያ ወጣት የገደለው በሰይፍ እንጂ በእርሳስ መቅረጫ ሰንጢ አልነበረም፤ ሆኖም ቅጣቱ በሰንጢዋም ላይ ወረደ። በመኪና የሚዞረው የእርሳስ መቅረጫም በየቦታው ስለ ገባ ገበያዋ ወደቀ፤ በሚኪ ከነበሩት ብዙ ሠሪዎች ዛሬ ይህንኑ ስም በሕግ ይዞ የሚሠራው አንድ ቤት ብቻ ነው።

የወላጆችን ፍርሃት ከንቱ ነው አንልም፤ በጃፓንም ቢሆን ያለ በቂ ምክንያት ስለት ይዞ መሄድ ዛሬ በሕግ የተከለከለ ነው። ነገር ግን በናጋኖ ጠቅላይ ግዛት በኢኬዳ የሚገኝ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ ለተማሪዎቹ ይህችን ሰንጢ ሰጥቶ እርሳሳቸውን በእጃቸው እንዲቀርጹ ማስተማር መጀመሩን ስናስብ፥ ሌላም መንገድ እንዳለ እንረዳለን። ስለት ከቶ ያልያዘ ልጅ አንድ ቀን ሳይማር መያዙ አይቀርም፤ አደጋውም የሚበዛው ያን ጊዜ ነው። የሚሻለው በአባት ወይም በእናት ዓይን ሥር መማሩ ነው።

ትምህርቱም እንዲህ ይሁን። ልጁ ተቀምጦ ይሥራ እንጂ ቆሞ ወይም እየተራመደ ስለት አይክፈት። እርሳሱን በግራ እጁ፥ ሰንጢዋን በቀኝ እጁ ይዞ፥ ስለቱን ወደ ውጭ ያዙር፤ የግራ አውራ ጣቱን በስለቱ ደንደስ ላይ አድርጎ በጥቂት በጥቂቱ ይግፋ። ቀኝ እጅ መንገድ ያሳያል እንጂ አይታገልም። ግራኝ የሆነ ልጅ ይህንኑ ገልብጦ ያድርግ። ለሌላ ሰው ሲያቀብል አጥፎ ይስጥ። መቈለፊያ የሌላት ስለ ሆነች በጫፍዋ መውጋትና መፈልቀቅ ክልክል ነው፤ ስለቱ ታጥፎ ጣት ይቈርጣልና። የዶለዶመ ስለትም ከተሳለው ይልቅ ያስፈራል፤ ጉልበት ሲያበዙበት ያንሸራትታልና።

እንዲህ ያሉትን ሰንጢዎች ለመሰብሰብ ለሚወዱ ደግሞ ጥቂት ምክር እንጨምራለን። ሲገዙ በእጀታው ላይ የተቀረጸውን ስም ይመልከቱ፤ ስለቱ ሲታጠፍ በመካከል መግባቱን፥ በብዙ መሳልም አለመመንመኑን ይመርምሩ። ችንካሩ ቢላላ በትንሽ መዶሻ ቀስ ብሎ መምታት ያጠብቀዋል። ብረቱ የሚዝግ ዓይነት ስለ ሆነ፥ ሎሚ ወይም ሽንኩርት ከቈረጡ በኋላ ወዲያው ጠርጎ ማድረቅ፥ ጥቂት ዘይትም መቀባት ይገባል፤ ጃፓኖች ለዚህ ከካሜሊያ ፍሬ የሚጨመቀውን ዘይት ይወዳሉ። ሲሳል የስለቱን ሰያፍ ጎን በረጠበው ድንጋይ ላይ አስተኝቶ ሁለቱንም ወገን እኩል መሳብ ነው። በቆዳ ሰገባ ከቶ ለብዙ ጊዜ ማኖር ግን አይበጅም፤ ቆዳ እርጥበት ይዞ ብረቱን ያዝጋል፥ ናሱንም አረንጓዴ ያደርገዋል። ስለቱ በሥራ ብዛት ቢጠቁር አይዘኑ፤ ይህ የአገልግሎትዋ ምልክት እንጂ ነውር አይደለም። ወደ ሌላ አገር የሚሄድ ሰውም በአውሮፕላን ውስጥ በእጅ መያዝ ስለማይፈቀድ ከሚጫነው ሻንጣ ጋር ያድርጋት።

ወላጆች ሆይ፤ በሣጥን ተቈልፋ የምትኖር ሰንጢ ከጥፋት ትጠብቅ ይሆናል፤ የልጅን እጅ ግን አታስተምርም። ልጅ ስለትን ከፍቶ፥ ሠርቶባት፥ ጠርጎና አጥፎ በቦታዋ ማኖርን ሲለምድ፥ የሚማረው እርሳስ መቅረጽን ብቻ ሳይሆን፥ ጕዳት ሊያደርስ የሚችለውን ነገር ለበጎ ሥራ ብቻ መያዝን ነው። ይህንንም ትምህርት ከወላጁ ጋር ተቀምጦ ቢማረው፥ ጊዜው የሚወስደው ጥቂት ነው፤ ጥቅሙ ግን ለዕድሜ ልክ ነው።