የደላላው ገቢ ኮሚሽኑ እንጂ የመኪናው ኪራይ አይደለም
ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለአማራ ክልል ገቢዎች ቢሮ
ግልባጭ ለክልሉ ንግድና ገበያ ልማት ቢሮ

ክቡር የቢሮው ኃላፊ፣

የምጽፍልዎ ስለ ጭነት ደላሎች ነው። ስማቸው ሲነሣ ፊቱን የማያጠቁር ጥቂት ነው፤ ሹፌሩ ያማርራቸዋል፣ ነጋዴው ያማቸዋል፣ በመግለጫ ላይም «ሕገ ወጥ» የሚለው ቅጽል ከስማቸው አይለይም። እኔ ጠበቃ ልሆንላቸው አልተነሣሁም። ሥራዬ በጎንደር ከተማ የአነስተኛ ነጋዴዎችን ሒሳብ መያዝ ነው፤ ከደንበኞቼ ጥቂቶቹ ጭነት አገናኞች ናቸው። ፈቃድ አውጥተው ግብር ልክፈል የሚሉትን በምን መደብ እንደማስመዘግባቸውና ገቢያቸውን ምን ብዬ እንደማሳውቅ የጠራ መልስ ስላጣሁ ጥያቄውን በአደባባይ ለማቅረብ ወሰንሁ። ለክልሉ የምጽፈውም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 97 የግለሰብ ነጋዴዎችን ግብር ለክልሎች ስለሰጠ ነው፤ የማውቃቸው የጎንደር ጭነት ደላሎች ደግሞ ሁሉም ግለሰቦች ናቸው።

ሥራውን ከቅርብ ላላዩት ላስረዳ። አዘዞ ላይ መንገዱ ይከፈላል። አንዱ ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ ይወርዳል፤ ሌላው በአይከልና በነጋዴ ባሕር አድርጎ መተማ ዮሐንስ ይገባል። ከከተማው በስተሰሜን ያለው ደግሞ አምባ ጊዮርጊስን፣ ዳባትንና ደባርቅን አልፎ ሊማሊሞን ይወርዳል። ከቆላው ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ ይመጣል፤ ከደጋው ገብስ፣ ባቄላና ድንች። ከጎንደር ቢራ ጭኖ ደባርቅ የወጣ አይሱዙ ባዶውን ከተመለሰ ባለንብረቱ የነዳጁን እንኳ አያገኝም። ዳባት ላይ ገብሱን አሰፍሮ መኪና የሚጠብቅ ነጋዴ መኖሩን ለዚያ ሹፌር በስልክ የሚነግረው ሰው ነው ደላላው። ታርጋውን መዝግቦ፣ ዋጋ አስማምቶ፣ ሁለቱን አገናኝቶ ኮሚሽኑን ይቀበላል። መኪና የለውም፤ እህልም የለውም። ያለው ስልክ፣ ደብተርና «እገሌ ያመነው ነው» የሚባል ስም ነው።

በደርግ ዘመን የጭነት መኪኖች በቀጠና ተደራጅተው ጭነት በድልድል ስለሚደርሳቸው ለዚህ ሰው ብዙም ቦታ አልነበረም። በ1984 ያ ሥርዓት ፈርሶ የጭነት ገበያው ነጻ ሲሆን የድልድሉን ሥራ ደላላው ተረከበው። ሕጉ ደግሞ ከዚያም በፊት ያውቀው ነበር። የ1952ቱ የንግድ ሕግ ራሱን ችሎ፣ ለጥቅም፣ ተዋዋዮችን ፈልጎ የሚያገናኘውን ሰው ደላላ ብሎ፣ ያስማማው ውል ምንም ዓይነት ቢሆን ነጋዴ ነው ሲል ደንግጎለት ነበር። ስለዚህ ደላላነት በራሱ ወንጀል ነው የሚለው ወሬ መሠረት የለውም። ወንጀሉ ያለ ፈቃድና ያለ ግብር መሥራት ነው።

ፈቃዱን ልውሰድ ሲል ግን ችግሩ ይጀምራል። በእጄ ካለፉት ፋይሎች አንዱ «የኮሚሽን ሥራ» ይላል፣ ሌላው «የጭነት ትራንስፖርት አገልግሎት»። ሥራቸው አንድ ነው፤ የሚለያቸው በዚያን ቀን መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ባለሙያ የመሰለው ነው። ይህ ለስም ያህል ብቻ አይምሰልዎ። ትራንስፖርት ተብሎ የተመዘገበ ሰው ባለመኪና ተደርጎ ይታያል፤ የመኪናው ኪራይ ሁሉ የእሱ ሽያጭ ይመስላል። ቀድሞ፣ የ1994ቱ የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅና የ1995ቱ የተርን ኦቨር ታክስ አዋጅ በሚሠሩበት ጊዜ፣ መደቡ የታክሱን ዓይነት ሳይቀር ይለውጥ ነበር። ትራንስፖርት ከሁለቱም ነጻ ሲሆን የድለላ አገልግሎት ግን ተርን ኦቨር 10 በመቶ ይከፈልበት ነበር። ከዕቃ አስተላላፊ ጋር የሚያምታቱትም አሉ። ዕቃ አስተላላፊው የወደብና የባሕር ሰነድ የሚይዝ፣ ፈቃዱንም ከፌዴራሉ የማሪታይም ባለሥልጣን የሚያወጣ ሌላ ባለሙያ ነው። አዘዞ ላይ ቆሞ ተሳቢ የሚያፈላልገው ሰው እዚያ ውስጥ አይገባም።

ዓለም ራሱ ይህን ሥራ ለብቻው ቁጥር የሰጠው በቅርቡ መሆኑን አልክድም። የተባበሩት መንግሥታት የኢኮኖሚ ሥራዎች መደብ በአራተኛው እርማቱ ጭነት አገናኙን «ሌሎች የትራንስፖርት ድጋፍ ሥራዎች» በሚል ጆንያ ውስጥ ከብዙዎች ጋር ከትቶት ነበር። በአምስተኛው እርማት ግን ለጭነት ትራንስፖርት የማገናኘት ሥራ 5231 የሚል የራሱ መደብ ተከፍቶለታል። የእኛም የፈቃድ መደብ ሲሻሻል ይህን መሥመር ቢከተል አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። ብዙ ጊዜ ላኪው ነጋዴ ሹፌሩን አያውቀውም። ስለዚህ የመኪናውን ኪራይ በሙሉ በደላላው የባንክ ሒሳብ ያስገባል፤ ደላላው ኮሚሽኑን ቀንሶ ቀሪውን ለባለመኪናው ያስተላልፋል። ግብር አጣሪ መጥቶ የባንክ መግለጫውን ሲያወጣ የሚያየው የገባውን ሁሉ ነው።

ስሌቱ እንዲቀል የአንድ ጭነት ኪራይ 100,000 ብር፣ ኮሚሽኑ 3,000 ብር ነው እንበል። በዓመት 200 ጭነት ያገናኘ ሰው በሒሳቡ 20 ሚሊዮን ብር አለፈ ማለት ነው። የእሱ ገቢ 600,000 ብር ነው። በፌዴራሉ የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ዓመታዊ ጠቅላላ ገቢው 2 ሚሊዮን ብርና ከዚያ በላይ የሆነ ግለሰብ ደረጃ «ሀ»፣ ከዚያ በታች ያለው ደረጃ «ለ» ነው፤ የክልላችን የገቢ ግብር ሕግም ቀድሞ የፌዴራሉን ፈለግ የተከተለ ነው። ኮሚሽኑ ከተቆጠረ ይህ ሰው ያለ ጥርጥር ደረጃ «ለ» ነው። ኪራዩ ከተቆጠረ ግን ሃያኛው ጭነት ላይ ደረጃ «ሀ» ይሆናል። ደረጃ «ሀ» ከሆነ ደግሞ በአዲሱ አዋጅ ግብሩ ከጠቅላላ ገቢው 2.5 በመቶ ሊያንስ አይችልም፤ የ20 ሚሊዮን ብር 2.5 በመቶ 500,000 ብር ነው። ከ600,000 ብር ኮሚሽን 500,000 ብሩን ለግብር፣ ቀሪውን ለቤት ኪራይ፣ ለስልክና ለልጆቹ! በዚያው ሒሳብ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ይጠየቅ ከተባለማ 3 ሚሊዮን ብር ነው፤ እሱን ከየት እንደሚያመጣው እኔ የሒሳብ ሰው ሆኜ አላገኘሁትም። እንዲህ የተተመነበት ሰው ወይ ሒሳቡን በዘመድ ስም ይከፍታል፣ ወይ ፈቃዱን መልሶ በስልክ ብቻ ይሠራል። ሁለቱም ለእናንተ ኪሳራ ነው።

መልሱ ሩቅ አይደለም። አገራችን በአዋጅ ቁጥር 847/2006 ዓለም አቀፉን የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃ ተቀብላለች። ከዚያ ውስጥ 15ኛው ደረጃ ለራሱ የሚሸጥንና ለሌላ ሰው የሚያስማማን ይለያል፤ አስማሚው ገቢዬ ብሎ የሚመዘግበው ኮሚሽኑን ብቻ ነው። መለያውም ግልጽ ነው። ዕቃውን አደርሳለሁ ብሎ ለላኪው ኃላፊ የሆነው ማን ነው? ዋጋውን የሚቆርጠው ማን ነው? ጭነቱ ሳይደርስ ቢቀር ኪሳራው የማን ነው?

እዚህ ላይ ከደንበኞቼ አንዳንዶቹ የማይወዱትን ልናገር። ደላላ ነኝ የሚለው ሁሉ ደላላ አይደለም። ከነጋዴው ጋር በ100,000 ብር ተዋውሎ ለባለመኪናው በ85,000 የሚሰጥ፣ ሁለቱም የሌላውን ዋጋ እንዳያውቁ የሚያደርግ አለ። ይህ ሰው አጓጓዥ ሆኖ ተዋውሏል። ሙሉው 100,000 ብር ሽያጩ፣ ለባለመኪናው የከፈለው ደግሞ ደረሰኝ ያለው ከሆነ ወጪው ተደርጎ ሊያዝ ይገባል። ከላኪም ከሹፌርም ኮሚሽን የሚቀበል ካለም ሁለቱን ያሳውቅ። እኔ የምለምነው ቅናሽ አይደለም፤ ሁለቱ ሥራዎች በጽሑፍ እንዲለዩልን ነው።

ለማጣራት የሚበቃ ማስረጃ ማዘጋጀትም ይቻላል። ታርጋው፣ መነሻና መድረሻው፣ ኩንታሉ፣ ኪራዩና ኮሚሽኑ ለየብቻ የተጻፈበት፣ ላኪው፣ ባለመኪናውና ደላላው የሚፈርሙበት ባለ ሦስት ቅጂ ሰነድ ይኑር። ለሰው የሚተላለፈው ገንዘብ ለዚያ ብቻ በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ይግባ። ደላላው ደረሰኝ የሚቆርጠው ለኮሚሽኑ ይሁን። ይህ ለቢሮው ሌላም ይጠቅማል፤ ዛሬ ሹፌሩ ያለ ደረሰኝ የሚከፍለውን ኮሚሽን ባለንብረቱ በወጪ ሊያስይዘው አይችልም። ደረሰኝ ካለው ግን ራሱ ባለመኪናው እየጠየቀ ያስቆርጣል፤ እናንተም የእሱን የጭነት ገቢ ከደላላው ሰነድ ታመሳክራላችሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ከደላላው ኮሚሽን ይልቅ ለመንግሥት የሚበልጠው ገንዘብ ያለው እዚያ ይመስለኛል።

በግምት ይተመን የሚባል ከሆነ የዚህ ሥራ ወቅት ይታሰብ። የሰሊጡ ጭነት የሚበረታው ከኅዳር ጀምሮ ነው። ክረምት ሲገባ፣ ማለትም የግብር ዓመቱ በሰኔ 30 ተዘግቶ የታችኛው ደረጃ ግብር ከፋይ በሐምሌ እንዲከፍል ሲጠራ፣ እጁ ባዶ የሚሆንበት ጊዜ ነው። ያኔ የሚንቀሳቀሰው ማዳበሪያ በአብዛኛው በጨረታና በማኅበር ስለሚጫን ደላላው ጋ አይደርስም። ባለፉት ዓመታት ደግሞ በጸጥታው ምክንያት መንገድ ሲዘጋ የደላላው ገቢ የሚቀንስ ሳይሆን የሚቆም ነው። ሱቅ ያለው ነጋዴ ቢያንስ ዕቃው መደርደሪያው ላይ ይቆየዋል። በጥሩ ሳምንት የታየን የስልክ ግርግር በዓመቱ ቀናት አባዝቶ መገመት በ2009 ክረምት የቀን ገቢ ግምት በየከተማው ያስነሣውን ቅሬታ መድገም ነው።

ከመብቱ ጋር ግዴታ ይምጣ የሚለውንም እደግፋለሁ። በአሜሪካ የጭነት ደላላ ከባለመኪናው የተለየ ምዝገባ አለው፤ ለሹፌሮች ክፍያ መተማመኛ የሚሆን የ75,000 ዶላር ዋስትና ካላስያዘ አይሠራም። እዚያ ተሳቢ የሚነዱ ወገኖቻችን ይህን አሳምረው ያውቁታል። ለእኛ አገር ያ መጠን ቀልድ ነው፤ ነገር ግን የሹፌር ኪራይ ይዞ የሚሰወር ደላላ አለና አቅምን ያገናዘበ ዋስትና በፈቃዱ ላይ ቢጨመር ሐቀኞቹ አይከፋቸውም።

ክቡር ኃላፊ፣ ከቢሮዎ የምጠይቀው አንድ የጽሑፍ ማብራሪያ ነው። የጭነት አገናኝ ጠቅላላ ገቢ ኮሚሽኑ መሆኑን፣ በራሱ ስም አጓጉዛለሁ ብሎ የተዋዋለ ግን በሙሉው ኪራይ እንደሚስተናገድ የሚያስረዳ፣ ለሁሉም የዞንና የከተማ መምሪያዎች የሚወርድ፣ ደባርቅ ላይም ገንዳ ውኃ ላይም አንድ ዓይነት የሚነበብ ይሁን። ከንግድና ገበያ ልማት ቢሮ የምጠይቀው ደግሞ የሥራ መደቡን በስሙ እንዲያስከፍት፣ በሌላ መደብ የተመዘገቡትም ያለ ቅጣት እንዲዛወሩ ነው። ማብራሪያው ከመጪው ሐምሌ 1 በፊት ከወጣ አዲሱን የግብር ዓመት በንጹሕ መዝገብ እንጀምራለን፤ ከዚያ በኋላ ከመጣ ግን አንድ ዓመት ሙሉ በአሮጌው ውዥንብር ይመዘገባል። የባለ ሦስት ቅጂውን ሰነድ ናሙና ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
በጎንደር ከተማ የነጋዴዎች ሒሳብ ሠራተኛና ግብር ከፋይ